ዓርብ ጠዋት፣ ኒዝዋ

ከሙስካት ተነሥተን ሌሊት በአሥር ሰዓት፣
ሐጃር የሚሉት ተራራ ጫፉ ሲነጋበት፣
ደረስን ኒዝዋ።
"ሁለት ሰዓት ብቻ" አለች እመቤቴ ጦይባ፣
"ፍየል ገዝተን፣ ሐልዋ ገዝተን፣ ሳይሞቅ ቤት እንግባ።"

ግንቡ ክብ ነው፣ ወፍራም፣ የጭቃ ቀለም ያለው፣
እንደ ጠገበ በሬ ገበያው ዳር የተኛው።
ከሥሩ ሮማን አለ፣ ከጀበል አኽደር የወረደ፣
ማር በውኃ ጠርሙስ፣ ነጭ ሽንኩርት የተገመደ፣
የደረቀ ዓሣም አለ፣ ባሕሩን ያልረሳ፤
አንድ ሽማግሌ ጩቤ ይወለውላል፣ ዐይኑን ሳያነሣ።

ፍየሎቹ በክብ ይዞራሉ።
ሻጭ ገመድ ይዞ ይሮጣል፣ ዋጋ ይጮኻል፣
ገዢ ግራና ቀኝ ተቀምጦ በዐይኑ ያርዳል።
ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ቀሚስ፣ ባለ ጥልፍ ቆብ፣
አቧራው እንኳ እዚህ የሚነሣው በክብ።
እኔ ከኋላ ነኝ፣ የእመቤቴን ቦርሳ ይዤ፣
የፍየል ጥርስ እቆጥራለሁ፣ ማንም ሳያዘኝ፣ ፈዝዤ።

አባቴ ሰንበቴ ላይ፣ እሁድ እሁድ፣ ደላላ ነበረ፣
አፋሩን ካርጎባው በጋቢ ሥር በጣት እያናገረ።
ምላስ አያፍርም፣ ይል ነበር፤ ጣት ግን ያፍራል።

እመቤቴ ነጯን ጠቆመች፣ ፀጉሯ ሐር የመሰላት።
"አሮጊት ናት" አልኩ ድንገት፤ "የፊት ጥርስ እንኳ የላት።"
ዞር ብላ አየችኝ። ሁለት ዓመት ከ"እሺ" ሌላ
አልወጣኝም ነበር። "የቷ ናት እንግዲያ፣ የምትበላ?"

ቀይዋን አሳየኋት።
ገመዷን የያዘች የተራራ ሴት ነበረች፣
በደረቅ ጭምብል ውስጥ ዐይኗ ብቻ የሚታይ፤
ሸምሳ ነው ስሟ፣ ሲጠሯት ሰማሁ ኋላ ላይ።
የእኔ ዐረብኛ የወጥ ቤት ነው፣ የእሷ የገደል፤
ቃላችን ከመንገድ ይቀራል፣ እንደ ደከመ ግመል።

እጇን ያዝኩ።
በሰፊው ጥቁር እጅጌዋ ሥር ሁለት ጣት ጨበጥኩ።
ቆመች። ከጭምብሏ ውስጥ ሳቅ ተሰማኝ፤
ታውቀዋለች! ሙሉ እጄን ጨብጣ አምስት መለሰችልኝ።
አንድ ጣት አሥር ሪያል ነው፤ መቶውማ የታወቀ ነገር፣
ትርፉ ነው እዚያ ጨለማ ውስጥ የሚማከር።

ያን ጊዜ አንድ ቱሪስት፣ አንገቱ የቀላ፣ ባለ ትልቅ ካሜራ፣
ተንበርክኮ አነሣን፦ ሁለት የኒዝዋ ሴት፣ ፍየል፣ አቧራ።
ሸምሳ ፊቷን አዞረች። እኔ አልዞርኩም።
ግድግዳው ላይ ሰቅሎኝ ከሆነ፣ ከኒዝዋ አልወጣሁም።

መዳፏ ሻካራ፣ በሂና የጠቆረ፣ በገመድ የተላጠ፤
ሦስት ብዬ ያዝኩ፤ ሦስት ብላ ያዘች፤ ዋጋው ተቆረጠ።

መቶ ሠላሳ። እመቤቴ ቆጥራ ከፈለች፣
"ሃያ አተረፍሽልኝ" ብላ ትከሻዬን ነካች።
እኔ በወር ሰማንያ ነኝ።
ያ ሲቆረጥ ጣቴን አንዴ ነው የፈለጉት፤
ቀለም ነክረው ወረቀት ላይ አሳረፉት።

ሐልዋው ሳይገዛ ቀረ። ጦይባ ሰዓቷን አየች፤ ሮጥን።
ፈለጅ የሚሉት ቦይ ዳር፣ ቀዝቃዛ ውኃ የሚሄድበት፣
እጄን ልታጠብ ጎንበስ አልኩና ተውኩት።
ፍየሏ ከኋላ፣ ከሮማኑ ከረጢት ጋር፣ ታስራ፣
ማጅራቴ ላይ ትተነፍሳለች፣ እስከ ሙስካት፣ ሳትፈራ።
ጥርሷ ገና ሁለት ነው።
መርጬ ያስገዛኋት እኔ ነኝ።