ሠላሳ ሁለት እርምጃ

ውቅያኖሱ ሌሊቱን ሲደነፋ አድሮ፣
ሲነጋ ተኛ፣ እንደ ሰካራም ጎረቤት፣ ሁሉን ሰባብሮ።
ፖርት ሬንፍሩ ላይ መብራት የለም፤
ሻይ ቤቱ ዝግ ነው፤ ጭስም አይታይም።
ሦስት ሆነን ወጣን፤ ሎርን፣ ዴልፊንና እኔ፣
መጋዝ በትከሻው፣ አካፋ በጎኔ።

ዝናቡ አባርቷል፤ ዛፎቹ ግን አላባሩም፤
የትናንቱን ውሃ በጠብታ ይከፍላሉ፣ ዕዳቸውን አልጨረሱም።
እዚህ ደን ውስጥ አረንጓዴ ነው ሽበት፣
ከቅርንጫፍ ወርዶ መሬት የሚጎትት።
ማንም ሳያዝዘን ድምፃችን አነሰ፤
ዴልፊን የጀመረችው ወሬ አፏ ላይ ፈረሰ።
የሳንቃው መንገድ ያዳልጣል፣ እንደ ዓሣ ጀርባ፤
አምና ሎርን ነው የቸነከረው፣ ከወደቀ ዝግባ።

ሁለተኛውን ድልድይ እንዳለፍን መንገዱ አለቀ።
ስም ያልወጣለት፣ ዕድሜው ያልታወቀ
አንድ ቀይ ዝግባ፣ ከነሥሩ ተገንድሶ፣
ዱካችን ላይ ተጋድሟል፣ ሥሩ አፈር ለብሶ።
ውፍረቱ ከሎርን ቁመት ይበልጣል፤
የስንጥሩ ሽታ እንደ ቅመም ይሰነፍጣል።

ሎርን ከመናገሩ በፊት ረጅም ጊዜ ያያል።
ሠላሳ ዓመት ቆርጧል፤ እንዲህ ያለውን በቀን ስንቱን ጥሏል፤
ጆሮውን ለመጋዝ፣ ወገቡን ለኩባንያው ከፍሏል።
አሁን ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት ማዳመጫውን ያወልቃል፣
በመሐረብ ጠቅልሎ ደረት ኪሱ ያኖራል።

«የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል» ስል ሰማችኝ ዴልፊን፤
ተረጎምኩላት። ሳቀች። እሱ ግን አልሰማን።

የመጋዙን ገመድ ሊስብ እጁን ዘረጋ፣
መልሶ ሰበሰበው፤ ዓይኑ ማዶ ላይ ረጋ።

ማዶ ስድስት ሄምሎኮች በአንድ መስመር ቆመዋል፣
አትክልተኛ ገመድ ወጥሮ የተከላቸው ይመስላል፤
ሥራቸው ከመሬት ተነሥቷል፤ በመሃሉ ውሻ ያልፋል።
የበቀሉበት ግንድ፣ ጥንት ወድቆ ያጠባቸው፣
በስብሶ አልቋል፤
እነሱ ግን ዛሬም ባዶውን እንዳቀፉ ናቸው።

ማዳመጫውን ከኪሱ አውጥቶ ሰካ፤
ስስ ፉጨት አሰማች።
«መንገዱ ይዙር» አለ፤ «ዛፉ አይነካ።»

ዴልፊን በእርምጃ ለካች።
ሠላሳ ሁለት እርምጃ፣ በፈርኑ መሃል፣ ዙሪያ ጥምጥም፤
ድንጋይ ደረደርን፣ ጭቃ ደለደልን፤ እስኪመሽ አልተቀመጥንም።

«ለምን ጠመመ?» ይል ይሆናል፣ ሳምንት የሚመጣ መንገደኛ፣
ሰዓቱን እያየ የሚሮጥ፣ ለጉልበቱ ስስተኛ።
ይበል። አንድ ቀን ግንዱ አፈር ሲሆን፣
ዱካው የሌለ ነገር ይዞራል፣ ሳያውቅ ምክንያቱን።

ስንመለስ መጋዙን እኔ ተሸከምኩ። ከበደኝ።
ሥራ ፈትቶ የዋለ ብረት ከሠራው ይከብዳል መሰለኝ፤
ወይ ደግሞ፣ እንዲሁ፣ ደክሞኝ።