ስስል አድሬ

እትዬ የውብዳር ጠየቁ፣ «መብራት ያድራል ቤታችሁ፤
ምነው? ደኅና አይደላችሁም? ማን ታመመባችሁ?»
እናቴ ከቦኖው ቆማ፣ ነገሩን ቀለል አድርጋ፣
«ልጄ ናት፤ ስትስል ታድራለች» አለች። ገና ሳይነጋ
ዝንጅብል፣ ጤናዳም፣ በሲኒ የዳንግላ ማር
ይዘው ከደጃችን ቆሙ፤ «አይዞሽ ልጄ፣ እግዜር ይማር።»

ማሩን በላሁ። እውነቱን ግን አልነገርኳቸውም፤
ማር ለሳል ነው ይባላል፤ ለሥዕልም አይከፋም።

የምስለው ጉማሬ ነው፤ ባጃጅ የሚነዳ፣
ከሽምብጥ እስከ ግሽ ዓባይ፣ ሁልጊዜ ባለ ዕዳ፤
ወንበሩን ሞልቶ ተርፎ፣ ተሳፋሪው ጭኑ ላይ፣
ትራፊክ ሲያይ ከነባጃጁ ዘሎ የሚገባ ዓባይ።
ስሙ አቶ ድብልብል ነው። ዓርብ ዓርብ ማታ ይወጣል፤
በአራት ሣጥን ይቀልዳል፣ በአምስተኛው ይሰምጣል።
የምስልበት ስልክ አርጅቶ መስታወቱ ተሰንጥቋል፤
ስንጥቁ በሚያልፍበት መስመሬ ይሰበራል፣
አንባቢ ደግሞ «ጠባሳው የምንድነው?» ይለኛል።

ሰባት ዓመት አለፈው። በመጀመሪያው ዓርብ ልክ
ሦስት ሰው አየው፤ አንዷ እኔ፣ ሌላዋም እኔ፣ በእናቴ ስልክ፤
ሦስተኛው አንሙት ነበር፣ የዘጌ ጀልባ ነጂ፣
«ጉማሬሽ አጎቴን መሰለ፤ እሱ እንዳይሰማ እንጂ።»
በኋላ ሺህ ሆኑ፤ በኋላ ስድሳ ሺህ ሰው፤
ሣቅ ግን ኪራይ አይከፍል፤ ሣቅ ማንን አለበሰው?
ቀን ቀን ባጃጅ ጀርባ ላይ ጥቅስ እጽፋለሁ፣
አንበሳ፣ ጽጌረዳ፣ የኳስ ቡድን ዓርማ እለጥፋለሁ፣
የሙሽራ ስም በወርቅ ቀለም እጠመዝዛለሁ፤
ማታ ድብልብልን ከጭቃ ጎትቼ አወጣለሁ።

አንድ ቀን ገበያ መሐል፣ ካናቴራ ላይ አየሁት፤
ድብልብል ከነባጃጁ፤ ስሜን ቆርጠው ያወጡት።
«ስንት ነው?» አልኩ። «አራት መቶ፤ ላንቺ ሦስት መቶ ሃምሳ።»
«ማን ሳለው?» «ማንም! ዕቃ ነው፣ እንደ ዓሣ።»
ገዛሁት። ዛሬም እለብሰዋለሁ፤ ቀለሙ ለቀቀ፤
ሦስት መቶ ሃምሳ ከፍዬ የራሴ ቀልድ በእኔው ሣቀ።

አባቴም ይስል ነበር፤ ቢላዋ፣ በዓሣ አስጋሪዎች ደጅ፤
ድንጋዩን በጣና አርሶ፣ እኔ ውኃ አቀባይ ልጅ።
ስለቱን በጥፍሩ ዳር ቀስ አድርጎ ይለካዋል፣
«መስመሩ ቀጥ ካለልሽ ሌላው ራሱ ይመጣል» ይላል።
እንደሳለ ኖረ። በመጨረሻው ክረምት
ድንጋዩን አኖረው፤ መሳል ግን አልተወም ሌሊት ሌሊት።
እናቴ ተሳለች ያኔ፣ ለኪዳነ ምሕረት ጥላ፤
አልዳነም። ጥላውን ግን ወሰደች፣ «የተሳለ ይከፍላል» ብላ።

ኔትወርክ የጠፋ ጊዜ — ስንት ወር ነበር? አልቆጥርም —
ድብልብል ዓርብ ማታ የሚወጣበት በር የለም።
መብራት መጥቶ ይሄዳል፤ ስልኬ ጥቁር ድንጋይ ሆነ፤
ስድሳ ሺህ ሰው በአንድ ሌሊት እንደ ጉም ተነነ።
ዓርብ መጣ፣ ሳልኩት፤ ሌላ ዓርብ መጣ፣ ሳልኩት፤
በደብተር ወረቀት፣ በእርሳስ፤ ፍራሼ ሥር አኖርኩት።

አንሙት መጣ። እንግዳ የለ፤ ጀልባው ታስራ፣ ፊቱ ከስቶ፣
«ድብልብልስ ወጣ?» አለኝ፣ ሰላምታውን እንኳ ረስቶ።
አወጣሁለት። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ
አንድ በአንድ አነበበ፣ ገጹን በምራቁ ገልጦ።
አንዱ ላይ ሣቀ። አንዱ ላይ ዝም አለ፣ ረዥም ዝምታ፤
(ድብልብል እምቦጩን ሲያጭድ፣ ብቻውን፣ በማታ።)
«ስንት ሰው አየው ይኼን?» «አንተ።» «በቃ?» «በቃ።»
«እንግዲያው ቀስ ብዬ ላየው» ብሎ ቆየ፣ እስክትወጣ ጨረቃ።

ዛሬም መብራት ያድራል። እትዬ የውብዳር፣ «ልጅቱስ፣ አልተሻላት?»
እናቴ ጀሪካኗን አቅንታ፣
«የአባቷ ነው፣ እትዬ፤ ስትስል ነው የሚነጋላት።»