ሆድ ይፍጀው

«ሆድ ይፍጀው» እያልኩኝ ስንቱን ውጬ ኖርኩኝ፤
አንቺ ግን ምስጢርሽን፣ ገና ሳልስምሽ፣ ዘርግተሽ አሳየሽኝ።

ከእምብርትሽ በስተቀኝ አንዲት ጠባብ ሽንቁር፤
በዚያች ሾልኮ ወጥቶ አንጀትሽ፣ እርቃኑን፣ ያለ አጥር።

እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ሳስካቱን፣ ሃያኛው ጎዳና።
ጎማ ሲሰነጠቅ ካላማዳሪው በስንጥቁ ሲያብጥ አውቃለሁና
ስንቴ በአውራ ጣቴ ገፍቼ መልሻለሁ።
የዚያን ሌሊት ግን እጄን ኪሴ ውስጥ ረሳሁ።

«ሳይሎ እንሰቅላለን» አለች ዶክተር ኦክሳና፣ ወረቀት ላይ ሥላ።
ሳይሎ? እኔ የማውቀው ከከተማ ወጣ ሲሉ፣ የሐዲዱን ዳር ተከትላ
የምትቆም የብረት ጎተራ፣ ስንዴ እስከ አንገቷ ጠግባ።
አንቺ ላይ የሰቀሉት ጥርት ያለ ከረጢት ነው፣ በክር ሽቅብ ተጎትቶ፤
ጎተራ ተገልብጦ፣ አፉ ወደ ታች ተደፍቶ፣
እህሉ ወደ ባለቤቱ ቀስ ብሎ እስኪገባ።

በየጠዋቱ ትመጣለች። በጣቷ ገፋ ታደርገዋለች፣ የጥፍር ያህል።
ከዚያ ታቆማለች። ነገ ደግሞ የጥፍር ያህል።
«ለምን አትጨርሺውም?» አልኳት በሦስተኛው ቀን፣ ቁጣ ቢጤ ይዞኝ።
«ቤቱ ገና ጠባብ ነው፤ ከቸኮልን ትንፋሿን ይዘጋል» አለችኝ።
ሆደ ሰፊ ሁን እያሉ ሽማግሌዎች ሲመክሩኝ
በቀን አንድ ጥፍር ብቻ እንደሚሰፋ አልነገሩኝ።

በአፍንጫሽ የገባው ቱቦ አረንጓዴ ሐሞት ይቀዳል፤
ሐሞቱ የፈሰሰው ግን እኔ ነኝ፤ ስቆም ጉልበቴ ይከዳል።
እናትሽ አስካለ ወተቷን ታልባለች፣ ቀን ትጽፍበታለች፣
ደጁ ሠላሳ ሁለት ከዜሮ በታች ሆኖ ሳለ፣ በረዶ ቤት ታስቀምጠዋለች።

በስድስተኛው ቀን ከረጢቱ ባዶ ሆነ።
መርፌም ክርም አልመጣ። ያንኑ እትብትሽን፣ ቆርጠው ያልጣሉትን፣
አጥፈው ሽንቁሩ ላይ ለጠፉት።
ልጣፍ! አልኩኝ በሆዴ፤ ሙያ አይረሳም።
እትብትሽ የት ነው የተቀበረው ብሎ የሚጠይቅሽ አይጠፋም፤
ሸሚዝሽን ገለብ አድርገሽ አሳዪው።

ከዚያ መጠበቅ። ሐሞቱ ነጣ፣ ቱቦው ወጣ።
በሃያ አንደኛው ሌሊት ማሪቤል፣ ነርሷ፣ ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ሰክታ
«ስማ» አለችኝ።
ከሩቅ የሚገፋ ውሃ። ጎተራ ውስጥ የሚንሸራተት ስንዴ።

አምስት ሚሊ። ቀኑ የተጻፈበት፣ የቀለጠ፣ የእናትሽ ወተት።
አንድ ሰዓት ሙሉ አፍሽን እያየን ተቀመጥን።
ምንም አልተመለሰም።

ሆድሽ ፈጀው።