ወርቁ

ቢጫዋን መኪና አጥቤ ስጨርስ፣
«የኛ ናት» አልኩት፣ «ባለቤቷ እስኪደርስ።»
ሻርጃ፣ ጋራዥ ጀርባ፣ በሐምሌ ወበቅ፣
ሙስዓብ ባንገቱ ላይ አጠለቀ «ወርቅ» —
ከሮላ ገበያ የአሥር ድርሃም ናስ፣
ላብ ሲነካው አንገት አረንጓዴ 'ሚያለብስ።

ሁለቱ አንጓ ስለ ቪላ፣ ስለ ብር፤
ሦስተኛው ላይ ድምፁ ወረደ እንደ ምስጢር፦
እህቱ ሉባባ፣ አጅማን፣ ስድስተኛ ፎቅ፣
ፓስፖርቷ ማዳም ጋ፣ ደሞዟ ሲጠበቅ።

ፕሮዲውሰሩ ቆረጠው፦ «ክሊፑን ያበርዳል።»
አሁን አገር ምድሩ ስለ ሐብሉ ይካሰሳል፤
አንዱ «ባለጌ!»፣ አንዱ «ከየት አምጥቶ?» ይላል።

ሰሙን ነው ያዩት። ወርቁ ስልኬ ላይ ነው።
ሌት ሌት ይጠይቀኛል፦ «ቦታ ሞልቷል፣ አንዱን ላጥፋው?»

ትናንት የሠርጌን ቪዲዮ አጠፋሁ።