በ«ካ» እና በ«ቃ» መሃል

ማክሰኞ ነው፣ ዐሥር ሰዓት፤
ቂርያት ጋት።
በሚሳይል ቀን የምንሸሸግባት፣
በደህናው ቀን ፍራሽና ሻንጣ የምናጭቅባት፣
መስኮቷ ብረት የሆነች ጠባብ ክፍል አለችን፤
ከቤቱ ሁሉ ጸጥ ያለችው እሷ ነችና፣ ለዚህም ደረሰችን።
ኮምፒውተሩን ሻንጣው ላይ አቆምኩ፣
ልጄን ከፊቱ አስቀመጥኩ።

ይስካ ነው ስሟ። አምስት ዓመቷ።
«ስምሽ ማነው?» ሲሏት «ይስታ» ነው መልሷ።
«ካ» ከጉሮሮዋ ሥር ይነሣል፣
ጥርሷ ጋ ሲደርስ «ታ» ሆኖ ይፈርሳል።
ከረሜላው ተረሜላ፤
ጨዋታ ላይ «ኩኩሉ» ስትል «ቱቱሉ»፣
ልጆቹ ከተደበቁበት ወጥተው ይስቃሉ።
እሷም ስሟን ተወችው፣ ቀስ በቀስ፤
ሲጠይቋት ጣቷን ወደ ደረቷ መቀሰር ብቻ፣ ያለ መልስ።

መምህርቷ ጠርታኝ ነበር፣
«ቤት ውስጥ አማርኛ ይቅር፤
ሁለት ቋንቋ ነው ያምታታት» አለችኝ።
እሺ አልኩ። ምን አውቃለሁ?
ቤት ገብቼ ልጄን በተሰባበረ ዕብራይስጥ አጫወትኩ።
አባቴ ሦስት ቀን ዝም ብሎ አየኝ፤
በአራተኛው «የልጅቱስ ይሁን፣ አንተን ማን ዲዳ አደረገህ?» አለኝ።

ኖጋ ብቅ አለች በመስታወቱ፣
ከካርሚኤል፣ ከሰሜን ከዳገቱ።
(ልጄ «ኖዳ» ትላታለች፤
እሷም ሳትስቅ «አቤት» ትላለች።)
«በጀርባሽ ተኚ፣ ምላስሽ ወደ ኋላ ይንሸራተት፤
ውሃ ያዢ፣ ጉሮሮሽ ላይ ይንተክተክ፣ እንደ ድስት።»
መስመሩ ይቆማል። የኖጋ አፍ እንደተከፈተ ይደርቃል፣
ድምጿ ከምስሏ ዘግይቶ ይመጣል፣ ይንተባተባል።
ይሄንንስ ማን ያክመዋል?

ስድስት ማክሰኞ፣ ስድስት «ታ»።

አባቴ ዕብራይስጥ አይሰማም፤
ከበሩ ሥር ሲያደምጥ ግን ያቺ «ታ» አላመለጠችውም።
በሰባተኛው ማክሰኞ፣ ከጎረቤት ጣሪያ፣
ከፀሐይ ማሞቂያው በርሜል ላይ ቁራ ጮኸ።
ሳይፈቀድለት ገባ። የብረቱን መስኮት ገፋው።
«ነይ» አላት፣ «ይሄ ባለ ጥቁር ክንፍ ምን ይላል?»
ኮቱን በሁለት እጁ ዘርግቶ፣
አንገቱን አስግጎ፣
«ቋ!» አለ የሰማንያ ዓመቱ ሽማግሌ።

ልጄ በሳቅ ተንተከተከች፣ እንባዋ መጣ፤
ከዚያ ሳቅ መሃል፣ ከጉሮሮዋ ሥር፣
እንደ ለውዝ ቅርፊት አንድ ነገር ቀጭ አለና ወጣ፦
«ቋ!»
«ድገሚው።»
«ቋ!»
«በይ ስምሽን።»
ዝም። ቁራውም ዝም።
መስመሩ እንዳይቋረጥ ለመንኩ፣ ማንን እንደሆን አላውቅም።
«ይስ… ቃ።»

ኖጋ አጨበጨበች፤ ካርሚኤል ላይ ወንበሯ ተንቋቋ።
በዕብራይስጥ ጆሮ ሁለቱም አንድ ናቸውና፣
«ካ» ብላ ጻፈች፤ ሰዓቱም አለቀና
ስክሪኑ ጠቆረ።
አባቴ ቀና ብሎ አየኝ፣ አልተናገረ።
ሁለታችንም ሰምተናል። «ቃ» ነበረች፤
ሳቅ የሚያበቃባት፣
ቃል የሚጀምርባት።

ለኖጋ አልነገርኳትም።
በሚመጣው ማክሰኞ ታለዝበው ይሆናል፤ ሥራዋ ነው፣ አልከፋም።
ለዚህ ሳምንት ግን ልጄ ይስቃ ናት።
እናቷ ከፋብሪካ ስትመለስ፣ ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ፣
ደረጃው ላይ ጠብቃ ነገረቻት፤
ቀጥላ ለጎረቤት፣ ቀጥላ ለድመቷ፣
መብራቱ ሲጠፋም በጨለማው ውስጥ
ማንም ሳይጠይቃት።