የወል ቤት

ከባሉጡ ደን ዳር፣ በደቡብ እንግሊዝ፣
አንድ አሮጌ ሕግ አለ ጭስን በእጁ የሚይዝ፦
ምድጃው ነው ባለመብት፣ ሰው አይደለም ይላል፤
ጭሱ የወጣ ቤት ፈረስ ያሰማራል
በወሉ ግጦሽ ላይ፣ ያላጥር፣ ያለበር፣
ከሄዘር ሜዳው ጫፍ እስከ ማጡ ድንበር።

አክስቴ ሄስተር ኪቸር፣ ሰማንያ አንድ ዓመቷ፣
አምስት ባዝራ ነበር በደኑ ውስጥ ሀብቷ።
ሀብት ካሉት እንግዲህ! ውርንጭላ ሸጣ፣
ለቦት ጫማ እንኳን የሚበቃ አጥታ፣
ትመለስ ነበረ በዝናብ ተመትታ።
«ታዲያ ለምን?» ብላት፣ ሰኮና እየፋቀች፣
«መተንፈስ ትርፉ ምን?» ብላኝ ዝም አለች።
በሐምሌ ፀሐይም እሳት ታነዳለች፦
«ሕጉ እንዳይረሳኝ፣ ላሳየው ነው» አለች።

በጥቅምት አፈሳ አርባ ፈረሰኛ
መንጋውን ሲያሳድድ፣ እኔም ነኝ አንደኛ፦
አንደኛ በመውደቅ። የወደብ ክሬን ነጂ
ፈረስ የት ያውቅና፣ ማጥ ያውቀዋል እንጂ።
ታንሲ ትቀድማለች፣ ግራጫዋ ባዝራ፣
እሾህ በልታ በልታ ከንፈሯ ጢም ያፈራ።
ሁሉም ወደ በረት ሲገባ በተራ
እሷን እናያለን ከኮረብታው ጋራ፣
እንደ ግብር ሰብሳቢ ቁልቁል ስትቈጥረን፣
ማን ማንን እንደነዳ እስኪቸግረን።
ስትያዝ በመጨረሻ፣ ዘበኛው ሎይድ መጥቶ
ጭራዋን ይሸልታል በደረጃ ቈርጦ።
«ክፍያዋ ተከፍሏል» ነው የፀጉሩ ንባብ፤
ያልተማረ ያነበዋል፣ በጭጋግ፣ በዝናብ።

ከሌሊቱ ስምንት። ስልክ ጮኸ። ሎይድ ነው፦
«ከድልድዩ አጠገብ፤ የታንሲ ልጅ ነው።»
ሾፌሩ አልቆመም። መስታወት አስፋልት ላይ።
ታንሲ ዳር ቆማለች፤ አትሸሽም፣ አታይ።
ሄስተር ካፖርቷን አውልቃ ሸፈነችው።
«ይበርደዋል» አለች።
            እኛም ዝም አልን።

የዚያን ዓመት ፍሬው ከባሉጥ ረገፈ፤
ለፈረስ መርዝ ነውና አሳማ ተሰለፈ።
ከቅጠሉ ሥር ለሥር እያንኰሻኰሸ
ቀን ሙሉ ሲለቅም፣ ቀን ሙሉ ሲያላምጥ፣
በአሳማው ሰሞን ነው፣ በመስኮቷ በኩል
ድምፁን እያዳመጠች፣
የሄስተርም ትንፋሽ ቀስ ብሎ ዐረፈ።

ቤቱ ተሸጠ ለለንደኑ ዴንቢ፣
ምድጃውን ደፍኖ ማሞቂያ አስገቢ።
መብቱ ከግድግዳው ጋር አብሮ ተሻገረ፤
ባዝራው ለኔ ደርሶ፣ ሜዳው እዚያው ቀረ።
እኔ ጭሰኛ ሆንኩ፣ ጭስ የሌለኝ ጭሰኛ፣
በጎረቤት መሬት ካራቫን የምተኛ፤
ጣሪያዬ ቆርቆሮ፣ ሌሊቱን ሲንጣጣ፣
ለባዝሮቼ ድርቆሽ በብድር ሳመጣ።

ጥር ላይ፣ ውርጭ ሲገርፍ፣ አንድ ማለዳ ደግሞ
ዴንቢ በሬን መታ፣ በነጠላ ጫማ ቆሞ፦
«አንዲት ፈረስ መጥታ መኪናዬን ታክካለች፤
ሂጂ ብላት አትሄድም፤ ዝም ብላ ታየኛለች።
የማን ናት?»

አብሬው ሄድኩ። ታንሲ ናት። ጋማዋ በረዶ ቋጥሯል።
ሆዷ፣ እኔ አየሁት፣ ዳግም ተወጥሯል።
የጭራዋ ደረጃ፣ የሎይድ የአምና ሥራ፣
አድጎ ሊጠፋ ነው፤ ጥቂት ነው የሚያወራ።
«በወረቀት የእኔ» አልኩት፣ «በእግሯ ግን የቤቱ።»
«ቤቱን ገዛሁ እኮ!»
«አዎ።»
«እና... ምንድን ናት ለእኔ?»
መልስ ፈለግሁ። አጣሁ።
እጁን ወደ አፍንጫዋ ዘረጋ፤ ደግሞ መለሰው፤
እንደገና ዘረጋ። እሷም አሸተተችው፣
ቸኩላም ሳትሸሽ፣ ወዳጅም ሳታደርገው፣
ጥላን ወደ ደኑ ገባች።

ያን ማታ ከመስኮቴ ቤቱን ሳየው፣
ከጣሪያው ጫፍ፣ ከጭስ ማውጫው ላይ፣ ቀጭን ነገር ተነሣ፦
ጭስ ይሁን ጭጋግ
ልለየው አልቻልኩም።