የሚስማር ጭረት

አባቴ ቴርሆ የመኪናውን ዘይት ለሰው አያስነካም፤
ራሱ ካልፈታ፣ ራሱ ካላሰረ፣ ልቡ አይረካም።

ነገሩ የጀመረው በማርካ ዘመን ነው፣ ገና ዩሮ ሳይመጣ፤
አንድ ጋራዥ ገብቶ፣ ከፍሎ፣ ደረሰኝ ይዞ ወጣ።
ጠርጣራ ነውና፣ ከመሄዱ በፊት የፊልትሮው ቂጥ ላይ
በሚስማር ጭሮ ነበር፣ ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ፣
ለሌላ ዓይን የማትታይ።
ቤት ሲደርስ ጎንበስ አለ፤ ባትሪ አበራ፤ አያት።
እዚያው ናት።
ያችው ጭረት፣ ያው ፊልትሮ፣ ያው ጥቀርሻ ዘይት፤
ደረሰኙ ግን "ተቀይሯል" ይላል፣ ከነማኅተሙ፣ ከነሰዓት።

አልጮኸም። አልተመለሰም። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ቸነከረው፤
ከዚያ ወዲህ ያንን ብሎን ሌላ እጅ አልደፈረው።

እኔ እዚያ ነው ያደግሁት፣ ባትሪ ያዥ ሆኜ፤
"ወደ ግራ! ኧረ ወደ ግራ!" ሲለኝ፣ በብርድ ደንዝዤ፣ እንቅልፌን አፍኜ።
ዘይቱ ሳፋ ውስጥ ይወርዳል፣ መጀመሪያ እንደ ጥቁር ሐር፣
ኋላ ጠብ... ጠብ... "አትቸኩዪ፤ የመጨረሻዋ ጠብታ ናት ቁም ነገር።"

ደብተር አለው፦ ቀን፣ ኪሎሜትር፣ የብርዱ መጠን፣
የፍሬን ዘይት፣ የካምቢዮ ዘይት፣ የራዲያተሩ ውሃ ስንት እንደሆን።
እናቴ የሞተችበት ሳምንት እንኳ፣ ሌላ ቃል ሳይጨምር፣
"አራት ሊትር ከሩብ። ታፖው ጠበቀ" ይላል፣
በዚያው ደቃቅ ጽሕፈት፣ በዚያው መስመር።

ተሳስቶም ያውቃል።
አንድ ጥቅምት ታፖውን ረስቶ አዲሱን ዘይት ከላይ ሲያፈስ፣
ከታች ጫማውን፣ ካልሲውን፣ ወለሉን ሁሉ ሲያርስ፣
እኔ ስስቅ፣ እሱ ሰጋቱራ ሲበትን፣
"እዚህ የሆነው እዚህ ይቅር" አለኝ፤ ይኸው ነገርኳችሁ፣ ይቅር ይበለን።

ዛሬ ከከሚየርቪ ባቡር ጣቢያ ማዶ ጋራዥ አለኝ፤ ሁለት ሊፍት፣ ሦስት ሠራተኛ፤
በሩ ላይ ያለው ስም የእሱ ነው፤ እሱ ግን አንድ ቀን አልሆነኝም ደንበኛ።
"ያላየሁትን ሥራ ለምን እገዛለሁ?" ይላል፤
"ሰው ገንዘብ ሲቀበል እጁ ይቸኩላል።"
እኔም አልለምነውም። ልጁ ነኝ፤
አንገቴ የዛገ ብሎን ነው፣ ካስገደዱት ይሰበራል።

ባለፈው የካቲት ግን፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ሁለት በሆነ ማለዳ፣
ኮሮላዋ ደጄ ቆመች፤ ወረደ፤ አላየኝም፣ እንደ ባዳ።
ቀኝ እጁ ኪሱ ውስጥ ነው። አልነገረኝም፤ አልጠየቅሁትም።
ወንበር ስቦ ተቀመጠ። "ተራዬ ሲደርስ" አለ፤ "አልቸኩልም።"

ሊፍቱ አነሳት። ሆዷን ቆሜ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤
ድሮ በጀርባዬ ተኝቼ ነበር የማውቀው።
የታፖው ጠርዝ ተበልቷል፤ ቺያቬ እየተንሸራተተ ደጋግሞ የታገለው፤
ከአጠገቡ የደረቀ ደም አለ። በጨርቅ ጠረግሁት፣ ማንም ሳያየው።

ፊልትሮውን ስፈታ፣ ከሥሩ፣ ትኩስ፣ አብረቅራቂ፣
የሚስማር ጭረት።

"ምን ሆነሽ?" አለኝ አርቱ።
ምንም።
ጠብ...
ደጅ ላይ ሌላ መኪና ጡሩንባ ነፋ።
ጠብ...
"ይበቃል" አለ፣ ሰዓቱን እያየ።
አይበቃም፣ አልኩት።

አዲስ ታፖ አሰርኩ። አሮጌውን ፊልትሮ ወልውዬ፣ በላስቲክ አድርጌ፣
ከሾፌሩ ጎን ወንበር ላይ አኖርኩለት፣
ጭረቷን ወደ ላይ።

በግራ እጁ፣ ሳንቲም በሳንቲም ቆጥሮ ከፈለ።
"ውድ ነው" አለ።
"ውድ ነው" አልኩት።
ደረሰኝ ጠየቀ፤ ሰጠሁት።
በመስኮት አየሁት፤ ላስቲኩን ከፈተ፣ መነጽሩን አደረገ፣ አገላበጠ።
ሞተሩን ሳያስነሳ ብዙ ቆየ።

እሑድ ልጠይቀው ስሄድ ደብተሩ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቷል፤
ቀን፣ ኪሎሜትር፣ ብርድ፤ በግራ እጅ የተጻፈ፣ የተንጋደደ፦
"አራት ሊትር ከሩብ። ታፖው አዲስ። ጠበቀ።"
ከሥሩም፣ ተሰርዞ፣ እንደገና ተጽፎ፦
"ውድ ነው።"